የድግሱ ሒሳብ

በእግሬ መሄድ ከምወዳቸው የአዲስ አበባ መንገዶች አንዱ ከምኒልክ አደባባይ ቁልቁል ወደ ለገሀር የሚወስደው ነው። ከጊዮርጊስ ደጃፍ፣ ከፈረሰኛው ምኒልክ ሥር እነሣለሁ። ማዘጋጃ ቤቱን አልፌ ቸርችል ጎዳናን ስይዝ ከተማው ከፊቴ ዘቅዝቆ ይዘረጋል። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ስደርስ ደግሞ ሌላ ሐውልት ይቀበለኛል። ሃምሳ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ የወጣ፣ አናቱ ላይ ኮከብ የተሰካበት የትግላችን ሐውልት።

ሁለቱም የድግስ ልጆች ናቸው። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ፣ የውጭ አገር እንግዶች በተሰበሰቡበት ነው። ትግላችን የተመረቀው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. መባቻ፣ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሲከበር። የመጀመሪያውን ጣልያን ነቅሎ ቀብሮት ከነፃነት በኋላ ተመልሷል፤ ሕዝቡም የራሱ አድርጎታል። ሁለተኛውን ማንም አልነቀለውም። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ በአጠገቡ የሚያልፈው የኔ ዕድሜ ሰው ቀና ብሎ አያየውም። እኔም ብዙ ጊዜ አላየውም። ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

በ1977 መባቻ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ክረምቱን ሙሉ ከተማው ሲቀባባ ከረመ። ከፒያሳ እስከ አብዮት አደባባይ (በኋላ ወደ ቀድሞ ስሙ፣ ወደ መስቀል አደባባይ የመለስነው) በየመንገዱ ቅስት ቆመ፣ ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ፣ የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስል ተደረደረ። ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች ጌጡንም ትርዒቱንም ይመሩ ነበር። እኛ ተማሪዎቹ በሐምሌ ዝናብ ባለ ቀለም ካርቶን ይዘን ተነሡ ሲሉን እንነሣለን፣ ተቀመጡ ሲሉን እንቀመጣለን። በሰፈራችን የተቀቡት ከአስፋልቱ የሚታዩት ቤቶች ብቻ ናቸው። የእኛ ቤት ከጀርባ ስለነበር ቀለሙ አልደረሰውም። እናቴ «ለመንገድ የቀረበ ታድሎ» እያለች ትስቅ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁና እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ ነኛ! ትምህርት የለም፣ ሙዚቃ አለ፣ ሰልፍ አለ። አባቴ ግን ደስ አላለውም። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። የሒሳብ ሰው ነገር፣ ሌላው ጌጡን ሲያይ እሱ ደረሰኙን ያስባል። አንድ ማታ ራት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የዚህ ሁሉ ጨርቅ ወጪ በየትኛው ሒሳብ ይመዘገብ ይሆን?» አለ። እናቴ በዐይኗ ገሠጸችው። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ፊት አይወራም።

በዚያው ሰሞን ከወልድያ የእህቱ ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ መነጽሩ ተሰብሮ ነበር። በሬዎቹን ሸጠናል፣ እህል ግን በዋጋውም አልተገኘም ይላል። ሌላም ይላል። አባቴ ተቀብሎኝ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በማግሥቱ ለሰልፉ የታዘዘውን ቀይ ሸሚዝ ሊገዛልኝ መርካቶ ይዞኝ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም።

ዝም ያለበትን ምክንያት ለመረዳት ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የዘመን መለወጫ ዕለት ነው። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ አባቴ ያየው ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ ነው። የታየው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ሄዶ ያነሣው የረሀብ ፊልም ነበር። ፊልሙ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 1966፣ በእንግሊዝ ታይቶ ዓለምን አስደንግጧል። እዚህ አገር ሲታይ ግን እንዳለ አልቀረበም። የደርግ ሰዎች በረሀብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ አስገብተውበታል። የሞተ ሕፃን፣ ቀጥሎ የሠርግ ኬክ። የደረቀች እናት፣ ቀጥሎ የሻምፓኝ ብርጭቆ። ከዚያ ደግሞ ሥጋ የሚጎርሱ የቤተ መንግሥት ውሾች። «ቡና ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው መጠጡን አንሥቶ አልጠጣም» ይል ነበር አባቴ።

በማግሥቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። መንገድ ዳር የነበረው ሕዝብ «ሌባ! ሌባ!» እያለ ጮኸ። ልብ በሉ፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ አገር የገዙ ሰው ናቸው። ከተማው ለስንብት የመረጠው ቃል ስለ መሬትም ስለ ሥልጣንም አይደለም፤ ስለ እጅ አመል ነው። አባቴ ጮኾ እንደሆነ ጠይቄው አያውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም።

(በነገራችን ላይ፣ በድግስ መዘዝ የመጣባቸው ንጉሥ እሳቸው ብቻ አይደሉም። በጥቅምት 1964 የኢራኑ ሻህ የፋርስን መንግሥት 2,500ኛ ዓመት በፐርሴፖሊስ ምድረ በዳ ሲያከብሩ ምግቡን ያዘጋጀው የፓሪሱ ማክሲም ነበር። ከክብር እንግዶቹ አንዱ የእኛው ንጉሠ ነገሥት ናቸው። የሻህ ተቃዋሚዎች ያንን ገበታ እስከ መጨረሻው አልረሱላቸውም፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ሻሁም አገር ጥለው ወጡ።)

እንግዲህ ደርግ በዚያች ማታ ለሕዝቡ መለኪያ ሰጠ። ረሀብና ድግስ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን እንደሚመስሉ በዐይኑ አሳየው። ያንን ሲያደርግ ስለ ኃይለ ሥላሴ ብቻ እያስተማረ መስሎት ነበር። መለኪያው ግን በንጉሡ ቮልስዋገን አብሮ አልሄደም፤ ሕዝቡ እጅ ቀረ።

ከ66ቱ ረሀብ እፍረት የተወለደ መሥሪያ ቤትም ነበር፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን። ይኼ መሥሪያ ቤት ሥራውን ሠርቷል፤ ይኼ መመስከር ያለበት ነገር ነው። በመጋቢት 1976 ኮሚሽነሩ ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ለጋሾችን ሰብስበው 5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለረሀብ መጋለጡን አሳወቁ። የሚያስፈልገው እህል 900 ሺህ ቶን ነው፤ ማጓጓዝ የሚቻለው ግን ከዚያ በታች ስለሆነ 450 ሺህ ቶን ስጡን አሉ። ለጋሾቹ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ከሞስኮ ጋር ለቆመ መንግሥት እህል መስጠት አልጣማቸውም። በሰሜን ጦርነት አለ፤ ሰማዩም ዘግቷል። ለፍርድ እንዲመች ይኼንን ሁሉ በአንድ ወገን እናስቀምጠው።

በሌላው ወገን ደግሞ የአገር ቤቱ ዝምታ አለ። ያ ዓመት የፓርቲ ምሥረታ ዓመት ነበር። በ1972 የተቋቋመው አደራጅ ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ፣ ሥራውን ጨርሶ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ የሚታወጅበት ጊዜ ደርሷል። ከሶሻሊስት አገሮች እንግዳ ተጠርቷል። ለዚህ ሁሉ ሽር ጉድ የወሎ ወሬ አይመችም። ዳዊት በ1978 ከድተው አሜሪካ ከቀሩ በኋላ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የድርቁ ጉዳይ እንዳይጋነንና በዓሉን እንዳያደበዝዝ ይፈልጉ እንደነበር ጽፈዋል። የተጣላ ሰው ምስክርነት ነው፣ በጥንቃቄ ማንበብ ነው እንበል። ግን ጥንቃቄው የቱንም ያህል ይሁን፣ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን መውጣት የቻሉት በዓሉ ካለፈ በኋላ መሆኑ አይለወጥም። ጓድ ሊቀ መንበር በበዓሉ ሰሞን ሰዓታት የፈጀ ንግግር ሲያሰሙ ረሀቡ ያገኘው ቦታ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑም አይለወጥም።

ስንት ወጣ? የውጭ ታዛቢዎች ከ100 ሚሊዮን እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ገምተውታል። ግምት ነው። መዝገቡን ከፍቶ፣ ይኸው ለሐውልቱ ይኼን ያህል፣ ለአዳራሹ ይኼን ያህል፣ ለጨርቁ ይኼን ያህል ብሎ ለሕዝብ ያሳየ የለም። መዝገብ በማይከፈትበት አገር ደግሞ ሒሳብ የሚሠራው ወሬ ነው። ለበዓሉ በመርከብ ውስኪ መጣ ተባለ፤ የእንግሊዝ ጋዜጦችም ይኼንኑ ጻፉ። የጠርሙሱ ቁጥር ከቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ተነሥቶ ፒያሳ እስኪደርስ ዕጥፍ ይሆናል። አባቴ የውስኪውን ወሬ አይወድም ነበር። «ቁጥር ሲደበቅ ውሸቱ የሚያልቀው በደባቂው ላይ ነው፤ እነሱ ናቸው ለዚህ ያበቁት» ይል ነበር። ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ወጪውን ቢናገሩ ኖሮ ሰው ይናደድ ነበር። ስለደበቁት ግን የተባለውን ሁሉ አመነ።

ከመስከረም 2 እስከ ጥቅምት 13 አርባ አንድ ቀን ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም በቢቢሲ ታየ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ አውሮፕላኑን፣ ስንዴውን፣ ዘፈኑን። አባቴ የሰማው በአጭር ሞገድ፣ ከጀርመን ድምፅ ነው። ሬዲዮኑን ትራስ ላይ አስደግፎ፣ ጆሮውን ለጥፎ። የዲምብልቢ ፊልም እንደገና ተሠርቷል፤ በዚህኛው ግን ድግሱን የሚያስገባ የደርግ አዘጋጅ አላስፈለገም። ሁሉም ሰው በጭንቅላቱ አስገባው። እኛ ራሳችን ድግሱ ውስጥ ነበርና፣ በቀይ ሸሚዝ።

በዚያ ረሀብ የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። አሁንም ግምት ነው። ሬሳም እንደ ጨርቁ መዝጋቢ አልነበረውም።

በየካቲት 1977 ደግሞ ተራው የሠራተኛው ሆነ። ቤንዚን በራሽን፣ የቅንጦት ዕቃ ማስገባት ክልክል፣ ሠራተኛው ሁሉ የአንድ ወር ደመወዙን ለድርቅ ይስጥ ተባለ። አባቴ በዚህ አልተናደደም። «እህቴ እዚያ ነች፤ ሁለት ወርም ይቁረጡ» አለ። ያበሳጨው ሌላ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ መዋጮውን ያብራራው ካድሬ ያንኑ የሰሜን ኮሪያ መሪዎችን የሚያስመስል የፓርቲ ልብስ ለብሶ ስለ ቁጠባ አስተማረ። «ቁጠባን» አለኝ አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ «አምስት ወር ዘግይቶ አስተማረኝ።»

የሕዝብ ተስፋ መቁረጥ በአገራችን ድምፅ የለውም። ይኼ ነው ገዢዎችን ሁልጊዜ የሚያታልላቸው። በ1977 ማንም አደባባይ አልወጣም፣ ማንም አልጻፈም። ሰልፍ ሲጠራ ሰው ይሰለፋል፣ አጨብጭብ ሲባል ያጨበጭባል። ግን መስማቱን ተወ። ሬዲዮ «ምርት ጨመረ» ሲል ሚስቶች ዘንቢላቸውን አንሥተው ወደ ገበያ ሮጡ፤ ነገ ይጠፋል ማለት ነዋ! አራዳ ደግሞ ቀልዱን ያውቅበታል። የሌኒን ሐውልት አንድ እግሩን አስቀድሞ ወደ ኤርፖርት አቅጣጫ ነበር የሚያየው፤ እሱም መውጫውን እያየ ነው ተባለ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ከአገር ሲወጡ ከተማው አላለቀሰም። ከሁለት ቀን በኋላ ሌኒን ተነቅሎ ሲወድቅ ለማየት ሄጃለሁ። ሕዝቡ እንደ ሠርግ ነበር የተሰበሰበው።

ቀጥለው የመጡት በቁምጣና በኮንጎ ጫማ መጡ። አሁን ይኼን ስጽፍ ለወጣቱ ተረት ይመስለዋል፤ ግን ፒያሳ ላይ ያንን ታጋይ ያየ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ብሏል፤ «እነዚህ እንኳ አይሰርቁም።» ደመወዝ የላቸው፣ ቤት የላቸው፣ ዳቦ ገዝተው ቆመው ይበላሉ። የፖለቲካቸው ነገር ያልጣመው ሰው ብዙ ነበር፤ በእጃቸው ንጽሕና ግን ተቃዋሚያቸውም ያከብራቸው ነበር። አባቴም ጭምር።

ያ አክብሮት ሲሸረሸር ዐሥር ዓመት ፈጀ። በ1989 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ታምራት ላይኔ ተነሥተው ታሰሩ፤ በኋላም በሙስና 18 ዓመት ተፈረደባቸው። በ1993 ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ ከተሸነፈው ወገን የነበሩት ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰሱ። በዚያው ዓመት የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ስዬን በዋስ ቢለቁም ፖሊስ መልሶ ያዛቸው፤ ከዚያም በሙስና የተከሰሰ ሰው ዋስትና የሚነፈግበት ሕግ ወጣ። ሕዝቡ ከዚህ ምን ተማረ? ሌባ መታሰሩን አይደለም። ሰው ሌባ የሚባለው ከጓደኞቹ ሲጣላ ብቻ መሆኑን ነው የተማረው። ከዚያ ወዲህ በዜና «በሙስና ተጠርጥሮ» ሲባል ቡና የሚጠጣው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ሰረቀ?» ብሎ ሳይሆን «ከማን ተጣላ?» ብሎ ሆነ።

መዝገብ አልነበረም ማለት አይደለም። በዚህ ኢሕአዴግን ከደርግ ጋር አንድ ማድረግ ግፍ ይሆናል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ያቀርባል፤ በደንቡ መሠረት ያልተወራረደ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት፣ ያለ ጨረታ የተገዛ እያለ በቢሊዮን ይቆጥራል። ያነበበ ሰው ይደነግጣል። ግን በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም ወንበር ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ የያዙት ፓርላማ ነው የሚሰማው። ሪፖርቱ ይነበባል፣ ትዝብት ይሰጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ሪፖርት ከፍ ባለ ቁጥር ይመጣል። አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ ይኼንን በሬዲዮ መከታተል ይወድ ነበር። «ጎበዝ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ አለቃ ግን የላቸውም» ይል ነበር ስለ ኦዲተሮቹ።

ከዚያ ኅዳር 2011 መጣ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሜቴክ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናገሩ። የድርጅቱ የቀድሞ ኃላፊ ጄኔራል ክንፈ ዳኘው እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ታዩ። ዘጋቢ ፊልም ተከተለ፤ ያረጁ መርከቦች፣ የቆሙ ፋብሪካዎች፣ የሚያለቅሱ ሰዎች። በሰፈራችን ሁሉም ቤት ቴሌቪዥን ተከፍቷል፤ ጎረምሶቹ በደስታ ይጮኻሉ፤ እኔም ከሶፋዬ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። አባቴ ያኔ ሰማንያ አልፎታል። ጋቢውን ተከናንቦ ጥቂት አየና «ይኼን ፊልም አይቼዋለሁ» አለኝ።

«የትኛውን? አሁን እኮ ነው የወጣው።»

«አይቼዋለሁ፤ ቡና ቤት ቆሜ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ነው የምፈራው።» ከዚያ ሬዲዮኑን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

አባቴ ዛሬ የለም። ስንቀብረው ከወረቀቶቹ መካከል የእህቱን ደብዳቤ አገኘሁት፤ የመጨረሻው ደብዳቤዋ ነበር። ከደብዳቤው ጋር ታጥፎ የየካቲት 1977 የደመወዝ ወረቀቱ አለ።

ያ የፒያሳ ቡና ቤትም የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፤ የእግረኛው መሄጃ ከቀድሞው የተሻለ ነው፤ እኔ የእግር መንገደኛው ይኼን ብክድ ነውር ነው። ባለፈው ሳምንት እዚያው ታክሲ ስጠብቅ ሁለት ጎልማሶች ከጎኔ ቆመው ነበር። አንደኛው መታሰቢያውን ዙሪያውን አይቶ «አምሯል ግን፣ አይደል?» አለ።

«ማማሩንማ አምሯል» አለ ጓደኛው። «ስንት ወጣበት?»

የመጀመሪያው መልስ አልሰጠም። ወደ እኔ ገልመጥ አለና፣ «ና፣ ታክሲው መጣ» ብሎ ክንዱን ያዘው።